የድንክዬዋ ሸረሪት ታሪክ፤ ከሮቢት ማሳ ሲታይ

«ታሪክ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ነጋሪት፣ ዘውድ፣ ጦርነትና ድርቅ ነው። ስለዚህም ስለ ሸረሪት ታሪክ እንጻፍ ብለን ስንነሣ አንዳንድ ጓደኞቻችን መሳቃቸው አልቀረም። «ስንቱ ቁም ነገር ሳይጻፍ እናንተ ደግሞ ሸረሪት አመጣችሁ?» አሉን። ይሳቁ፣ ግዴለም። እኛ ግን ይህች ፍጥረት በማን ተጻፈች? ተለቅማ የት ተቀመጠች? ማሳ ውስጥ ምን ትሠራለች? ስታልቅስ የሚጎዳው ማነው? ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ ከአውሮፓ ሙዚየም መደርደሪያ ተነሥቶ ወደ ገበሬው ማሽላና ወደ እኛው የትምህርት ወንበር ይዞን ተመለሰ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ግራና ቀኝ ይዘዋታል። መካከሉ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ማሽላና ጤፍ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ፣ ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ወደ ማሳ የወረደ ሰው በሣሩና በማሽላው ሥር ነጭ ነገር ተዘርግቶ ያያል። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ድር ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጤዛው ይደርቅና ድሩም ከዓይን ይሰወራል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ እዚያው አለ። ቀኑን ሙሉ እየረገጥነው እንሄዳለን።

ድሩን ከሚሠሩት መካከል ትልልቆቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን ትንሿ ናት። በሳይንሱ ሊኒፊዴ የሚባለው የሸረሪት ወገን አለ፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ኤሪጎኒኔ የተባለው ንዑስ ወገን «ድንክዬ ሸረሪት» ተብሎ ይጠራል። የአብዛኞቹ ቁመት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። በእኛ አገር ስፍር ብንናገር፣ ከጤፍ ፍሬ ተለቅ፣ ከማሽላ ፍሬ አነስ ያለች ናት ማለት ነው። ድሯን እንደ ሌሎቹ እንደ ወንፊት ክብ አድርጋ አታቆመውም፤ እንደ አንሶላ አግድም ትዘረጋውና ከሥሩ ተገልብጣ ትንጠለጠላለች። ከላይ የወደቀውን ትንሽ ነፍሳት ከታች ሆና ነክሳ ትስበዋለች። ከወንዶቹ የአንዳንዶቹ ራስ ላይ እንደ ጉብታ ያለ ነገር ይበቅላል። በአንዳንዶቹ ዘንድ ከዚያ ጉብታ የሚወጣውን ፈሳሽ ሴቲቱ በግንኙነት ጊዜ ትመጠዋለች። ጥሎሽ ይሉሃል ይህ ነው!

የዚህ ወገን ዋና አገሩ ሰሜኑና ብርዱ ነው። ሊኒፊዴ ከዘላዮቹ ሸረሪቶች ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ የሸረሪት ወገን ሲሆን እስካሁን ከ4,700 በላይ ዝርያዎች ተጽፈውለታል። በብዛት የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ፣ እስከ በረዶው ጠርዝ ድረስ ነው። በአፍሪካ ግን ወደ ተራራ ይወጣል። ብርድ የለመደ ስለሆነ ደጋውን እንደ ደሴት ይይዘዋል።

ታዲያ የደጋ ወዳጅ ከሆነች ከቆላው ጋር ምን አገናኛት? የሚል ቢኖር፣ ድንክዬዋ መንገደኛ መሆኗን ማወቅ አለበት። ሣር ጫፍ ላይ ትወጣለች፣ ሆዷን ወደ ሰማይ ታቀናለች፣ ቀጭን ክር ትለቃለች፣ ከዚያም አየሩ ይዟት ይሄዳል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 ቢግል በተባለችው መርከብ ላይ ሳለ፣ ከደቡብ አሜሪካ ዳርቻ 60 ማይል ያህል ርቀው ሳሉ ትንንሽ ሸረሪቶች በነፋስ መጥተው መርከቧ ላይ ሲያርፉ አይቶ ጽፏል። ነፋስ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ በ2018 ታወቀ። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኤሪካ ሞርሊና ዳንኤል ሮበርት ነፋስ በሌለበት ሳጥን ውስጥ ኤሪጎኔ የተባሉትን ድንክዬዎች አስገብተው የኤሌክትሪክ መስክ ሲያበሩባቸው ሸረሪቶቹ ለመብረር ተነሡ፤ ሲያጠፉት ወረዱ። በምድርና በሰማይ መካከል ያለውን ኤሌክትሪክ የምታውቅ ፍጥረት ናት እንግዲህ። ለእንዲህ ያለችው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ራያ ሜዳ ያለው ቁልቁለት ምኗ ነው?

ከዚህ በኋላ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ሸረሪት በዘመናዊው ሳይንስ ስም ማግኘት የጀመረችው በስዊድን ነው። ካርል አሌክሳንደር ክለርክ የተባለ ሰው በ1757 ስለ አገሩ ሸረሪቶች መጽሐፍ አሳተመ። የእንስሳት ስም አሰጣጥ ሕግ መነሻው የሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ የክለርክ ስሞች ግን በአንድ ዓመት ቀድመውም ይጸናሉ። ልብ በሉ፤ ስዊድናዊው ከቤቱ ደጃፍ የለቀመውን ነው በገዛ አገሩ የጻፈው። የእኛው ታሪክ እንዲህ አልሄደም።

ወደ ሰሜናችን ከመጡት መካከል የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል አንዱ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን አይቶ ተመለሰ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ስም ሰጥቶ ጻፋቸው። ትልልቆቹ እንስሶች እንደዚህ ቀድመው ተመዘገቡ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀንድና ጠጉር ያለው ከሩቅ ይታያል።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ተማሪዎቹንም ይዞ ነበር። ዊሊያም ብላንፎርድ ድንጋዩንና አፈሩን፣ ዊሊያም ጄሲ ደግሞ እንስሳቱን ሊያጠኑ አብረው ተጓዙ። ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ በደጋው ወደ ዋድላና ደላንታ ሄደ። ማለትም ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ጫፍ ላይ አለፈ። ብላንፎርድ በ1870 ስለ አገራችን መሬትና እንስሳት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣ። የዚያ ዘመቻ ነገር ለእኛ የመቅደላ ሐዘን ነው፤ የብራና መጻሕፍቱም ዘረፋ ነው። ግን ወፉም፣ አይጡም፣ ድንጋዩም በዚያው ጓዝ ውስጥ ተጭኖ እንደ ሄደ ስንቶቻችን እናስባለን?

ሸረሪትን በተለይ የሚመለከተው ጽሑፍ ከሸዋ ነው የመጣው። ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለው ኢጣሊያዊ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበርን ጉዞ መርቶ በ1876 ወደ ሸዋ ተነሣ። ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡትና የምርምር ጣቢያ አቆመ። በ1882 እዚያው ሞተ። የሰበሰበው ግን ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ተልኮ ነበርና፣ ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለው ሊቅ በ1883 ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው ራሱን የቻለ ጥናት አሳተመ። ከዚያ ወዲያ ካርሎ ፎን ኤርላንገር ከ1899 እስከ 1901 በተጓዘበት ጊዜ የለቀማቸውን ኖርዌያዊው ኤምብሪክ ስትራንድ ጻፋቸው።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ መራራ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን ኤዶዋርዶ ዛቫታሪ የሚመራቸው የሥነ ሕይወት ቡድኖች በ1937 ወደ ቦረና፣ በ1939 ወደ ሳጋንና ኦሞ ተላኩ። የተሰበሰቡትን ሸረሪቶች ሎዶቪኮ ዲ ካፖሪያኮ መርምሮ ጻፈ። አርበኛው በዱር በገደሉ ሲታገል፣ ቅኝ ገዢው ደግሞ የያዘውን መሬት ሸረሪት ሳይቀር እየቆጠረ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንል ሥራው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ዛሬም ቢሆን የኢትዮጵያን ሸረሪት ሊያጠና የሚነሣ ሰው የካፖሪያኮን ጽሑፍ ሳያይ ማለፍ አይችልም። ነገር ግን ዕውቀት ባዶ ሜዳ ላይ እንደማይበቅል ማስታወስ ተገቢ ነው። ማን ጠመንጃ ይዞ፣ ማን ጠርሙስ ይዞ እንደ መጣ አብሮ መጻፍ አለበት።

ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ውስጥ ድንክዬዋ የት ነበረች? በአብዛኛው ከጠርሙሱ ውጭ ነበረች። የጥንቶቹ ለቃሚዎች በእጅ የሚያዘውን፣ በዓይን የሚታየውን ይወስዱ ነበር። እሷን ለማግኘት ግን የወደቀ ቅጠልና ድርቆሽ በወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ከተገኘችም በኋላ የአንዷን ዝርያ ከሌላይቱ የሚለየው የወንዱ የፊት ክንድ ጫፍና የሴቷ የመራቢያ ክፍል ቅርጽ ነው፤ ይህም ያለ ጥሩ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ታሪኳ ዘግይቶ ተጀመረ።

የጀመረው ሰው ማነው ቢባል የኡፕሳላው ኦኬ ሆልም ስሙ ይነሣል። በ1948 የስዊድን ጉዞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ እንደ ኬንያና ኤልጎን ያሉትን ተራሮች ወጣ፤ በ1962ም ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ድንክዬ ሸረሪቶች ሰፊ ሥራ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። የእኛን ደጋ በሚመለከት ደግሞ ፒተር ሜሬትና አንተኒ ራስል ስሚዝ በ1996 ከዚያው ከሊኒፊዴ ወገን አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን ጽፈዋል። 1996 እኮ ነው! ዋልያ ከተጻፈ 161 ዓመት አልፎ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናነጻጽር። በዚያው በ1948ቱ ጉዞ ከሆልም ጋር አብሮ ተራራ የወጣ ኡሎቭ ሄድበርይ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። የዕፅዋቱ መንገድ ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1980 በጋራ ሥራ ጀምረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በ8 ቅጽ ጽፈው በ2009 ጨረሱ። በዚህ ሥራ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን በመሪነት ተሳትፈዋል። ዛሬ አንድ ተማሪ ከሮቢት ቅጠል ቆርጦ ቢመጣ አራት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ዕፅዋት ቤት ጋር ማስተያየት ይችላል። ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ ግን ተሠራ። ለዛፍ የሆነው ለሸረሪት የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

«ቢሠራስ ምን ይጠቅማል?» ለሚለን መልሱ ሩዝ ማሳ ውስጥ አለ።

በኢንዶኔዥያ በ1970ዎቹ አዲሱ የሩዝ ዘርና የነፍሳት መርዝ በአንድ ላይ ገቡ። ገበሬው በመንግሥት ድጎማ መርዝ እንዲረጭ ተደረገ። ሆኖም ቡናማ ፌንጣ መሳይ ተባይ እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። ነገሩ ሲመረመር መርዙ ተባዩን ብቻ ሳይሆን ጠላቶቹን፣ በተለይ ሸረሪቶቹን ይጨርስ ነበር። የተባዩ እንቁላል በሩዙ ግንድ ውስጥ ተደብቆ ይተርፋል፤ ሲፈለፈል የሚበላው ጠፍቷል። ሸረሪቶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ አቲፔና የተባለችው ድንክዬ ናት፤ ገና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ከግንዱ ሥር እየለቀመች ትበላለች። በመጨረሻ በ1986 የኢንዶኔዥያ መንግሥት 57 ዓይነት መርዞች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከለከለ። ድጎማውም በሂደት ቀረ። ትልቅ አገር ለትንሽ ሸረሪት ሲል ሕጉን ለወጠ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ወደ አፍሪካም ስንመለስ፣ ኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ተቋም አገዳ ቆርቁርን ለመከላከል በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም፣ በዙሪያው ደግሞ የዝሆን ሣር የመትከልን ዘዴ አስፋፍቷል። አንዱ ተባዩን ያባርራል፣ ሌላው ይስበዋል። በእንዲህ ያለው ማሳ ውስጥ የሸረሪት ብዛት ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። በዓለም ደረጃም ቢሆን ሸረሪቶች በአንድ ዓመት የሚበሉት ነፍሳት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ኒፈለርና ቢርክሆፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 አስልተዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው።

የእኛ የራያ ሜዳ በተባይ ያልተፈተነበት ጊዜ የለም። አገዳ ቆርቁሩ ነባር ነው። በ2017 የአሜሪካው መጤ ተምች አገራችን ገባ። በ2020 ጥቅምት ላይ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦን ወርሮ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በላ፤ ሰው በጅራፍ፣ በጣሳ፣ በጩኸት ተከላከለ። እንዲህ ባለ ጊዜ አይረጭ የሚል ሞኝ የለም። አንበጣን ሸረሪት አትመልሰውም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ተባይ ታየም አልታየም መርዝ ሲረጭ፣ ወንድሙን ከጠላቱ ጋር እየገደለ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አለ ወይ?

ለዕረፍት ሮቢት በወረድንበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ዳር አግኝተን ጠየቅናቸው። «አባባ፣ ይቺን ሸረሪት ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃትም ልጆቼ! ምን አደረገችን እሷ? ትንኙን ነው የምትበላ። ዱሮ ጠዋት ጠዋት ድሩ እግር ይይዝ ነበር፤ መድኃኒቱ ከበዛ ወዲህ ግን ቀንሷል።»

«ታዲያ ለምን ይረጫሉ?»

«ጎረቤቴ ሲረጭ እኔ ዝም ብል ትሉ ወደ እኔ ይመጣል። እናንተ ተማሪ አይደላችሁ? የቱን ልርጭ፣ የቱን ልተው፣ ንገሩኛ!»

የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ጥናት አይባልም። ቢሆንም ቅሉ ያን ዕለት መልስ አጥተን አንገታችንን ደፋን። መድኃኒት የሚሉት መርዙን መሆኑንም ልብ ይሏል። «መድኃኒት» የተባለ ነገር ያድናል ተብሎ ይታመናልና።

ሸረሪት በስም ማጥፋትም ትበደላለች። አንድ ሰው ጎኑ ላይ ወይም ፊቱ ላይ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ቀበቶ የተደረደረ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «አልማዝ ባለጭራ ነው» ይባላል፤ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» የሚልም አይጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። በሽታው የሚመጣው በልጅነት ጉድፍ ካስያዘን ቫይረስ ነው። ጉድፉ ከዳነ በኋላ ቫይረሱ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና የሰውነት መከላከያ ሲደክም በዚያው ነርቭ መሥመር ተከትሎ ይወጣል። መሥመር ሠርቶ መውጣቱ ለዚህ ነው። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ በወጣትነትም ሊታይ ስለሚችል ሐኪም ምርመራ ያዛል። ፀረ ቫይረሱ መድኃኒት ደግሞ ሽፍታው በታየ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ሸረሪት ናት ብሎ ቅጠል ሲቀባ የሰነበተ ሰው እነዚያን ሦስት ቀኖች ያጣል። ዓይኑ አጠገብ ከወጣበትማ ዓይኑንም ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ሸረሪትን ከሐሜት ነጻ ማውጣት ለሸረሪቷ ስንል ብቻ አይደለም።

የሚገርመው፣ ሃይማኖታችን ሸረሪትን ረስቷት አያውቅም። ራያ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ነው። የቁርኣን 29ኛው ምዕራፍ በሸረሪት ስም ይጠራል፤ በኢዮብና በኢሳይያስ መጻሕፍትም ድሯ ተጠቅሷል። በሁለቱም ዘንድ ድሩ የደካማ ነገር ምሳሌ ነው። በሌላ በኩል ነቢዩ ሙሐመድ ከጠላት ሲሸሹ በዋሻው አፍ ላይ አድርታ ሰወረቻቸው የሚለውን ትረካ እስላሙ ሁሉ ከልጅነቱ ይሰማዋል። የእኛው ተረትም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ደካማነቱንም፣ ኃይሉንም አባቶቻችን አይተዋል ማለት ነው። ያላዩት ስንት ዓይነት እንደሆነች ነው። እሱን ማየት የእኛ ፈንታ ነበር።

በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ያለው የዓለም ሸረሪት መዝገብ በ2022 ሚያዝያ ላይ 50,000ኛውን ዝርያ መዘገበ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ የክለርክም፣ የፓቬዚም፣ የካፖሪያኮም፣ የሆልምም ስም እዚያ አለ። ስሙን ገልብጠው ከሄዱት ሰዎች ጋር ዛሬ ጠብ የለንም። የለቀሙትን በጥንቃቄ አኑረዋል፤ ጽፈዋል። ጠባችን ከራሳችን ጋር ነው። መንገደኛ ለሦስት ወር መጥቶ ያየውን፣ ተወልደን ያደግንበት ሰዎች ለምን አላየነውም?

እንደ እኛ አስተያየት ጅማሬው ከባድ አይደለም። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንወርድ ወንፊት፣ ነጭ ጨርቅ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥና አልኮል እንያዝ። ቅጠሉን ጨርቅ ላይ እንንፋ፤ የወጣችውን በብልቃጡ እናኑር። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ሰብሉን፣ ማሳው መርዝ የተረጨ መሆን አለመሆኑን በእርሳስ ጽፈን ከውስጡ እንጨምር፤ ቀለም በአልኮል ይለቃልና። የተረጨውን ማሳ ካልተረጨው ጎን ለጎን እንቁጠር። ዝርያውን ለመለየት ማይክሮስኮፕና ሊቅ ያስፈልጋል፤ ለመቁጠር ግን ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። የራያውን ልጅ ከቆላው፣ የላስታውን ከደጋው፣ የስሜኑን ከጫፉ አምጡ ብንለው አንድ ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ዘመቻ የሚበልጥ ጓዝ ይከማቻል። እሱም ወደ ውጭ የሚጫን ሳይሆን እዚሁ የሚቀመጥ ይሆናል።

ያን ጊዜ ሮቢት ተመልሰን ለእኒያ አባባ የቱን ይርጩ፣ የቱን ይተዉ የምንነግራቸው ነገር ይኖረናል። እስከዚያው ግን ጥያቄያቸው ዕዳችን ነው።